የ«ቂ» እግርና የ«ቤ» ቀለበት

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ ከሐዋሳ የማወራችሁ ስለ አንድ የፊደል ዓይነት ነው፦ ጭረቱ ወፍራም፣ ጫፉ ሁሉ የተድቦለቦለ፣ ሲያዩት ለጨዋታ የሚጋብዝ ፎንት። በላቲኑ ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1979 ለቮልስዋገን የተሠራው ቫግ ራውንድድ ሲሆን፣ በኋላ በአፕል ኮምፒውተሮች የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ለዓመታት ታትሞ ኖሯል። በእኛ ፊደል ግን ነገሩ ሌላ መሆኑን ያስተማረኝ ሐይቁ አጠገብ ላለ አንድ ጭማቂ ቤት የሠራሁት ማስታወቂያ ነው።

ባለቤቷ «ልጆች ከሩቅ ሲያዩት ደስ ይበላቸው» አሉኝ። ጽሑፉ በሲዳምኛና በአማርኛ ነበር። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የሚስማማውን ድቡልቡል ፎንት ወዲያው አገኘሁ፤ ያ ፎንት ግን የግዕዝ ፊደል ስለሌለው፣ አማርኛውን ስጽፍ ኮምፒውተሩ በሌላ ቀጭን ፎንት ተካብኝ። አንዱ መስመር ለልጆች ልደት፣ ሌላው ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የተጻፈ መሰለ። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ፎንት ወስጄ ዙሪያውን በሶፍትዌር አወፈርሁት፣ ጫፎቹንም አድቦለቦልኋቸው።

ማስታወቂያው በተሰቀለ ማግስት አንዲት ተማሪ ከፊቱ ቆማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ጭማቄ ቤት» ብላ አነበበች። ደነገጥሁ፤ ቀርቤም አየሁት። «ቂ» ከእግሯ ግርጌ ወደ ቀኝ የምትወጣ አጭር ጭረት አላት፤ «ቄ» ደግሞ በዚያው ቦታ ትንሽ ቀለበት አላት። ጭረቷ ወፍራና ተድቦልቡላ ኳስ ስለሆነች፣ ውስጡ የተደፈነ ቀለበት መሰለች። ልጅቷ ያየችውን ነው ያነበበችው። በ«ጭ» እግሮች ላይ ያሉት ቀለበቶችም ተደፍነው ነበር።

የላቲኑ «ኦ» ቢወፍር ያው «ኦ» ነው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ቤት 231 ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ካዕቡን ከሣልሱ፣ ሣልሱንም ከኃምሱ የሚለየው ይህችው ትንሽ ቅጥያ ናት፤ እርሷ ከተደፈነች ድምፁ ይለወጣል።

ባለቤቷን ይቅርታ ጠይቄ በራሴ ወጪ እንደገና ሠራሁት። በዚህ ጊዜ አምስቱን ፊደላት አንድ በአንድ በእርሳስ ሣልኋቸው፤ ከቀለበቶቹ ውስጣዊ ክፍተት ጀምሬ፣ ፊደሉ ወደ ጎን እንዲሰፋ ፈቅጄ፣ ጭረቶች የሚገናኙበትን ቦታ አሳስቼ፣ የ«ቂ»ን እግር ረዘም አድርጌ። ከዚያም በወረቀት አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁና ከ20 እርምጃ ርቀት አነበብሁት።

አንዳንዶች ይህን ቅርጽ ለፊደላችን ክብር የማይመጥን አድርገው ይቆጥሩታል። በብራና ላይ የመቃ ብዕር የሚተወው ጫፍ ቀጥ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም በቀለምና በብሩሽ የሚጽፉ የከተማችን ባለሙያዎች ሲጽፉ ጫፉ በራሱ ክብ ሲሆን አይቻለሁ፣ ፊደሉንም የሚያዋርደው አይመስለኝም። ለሕፃናት መጽሐፍ ርእስ፣ ለአይስክሬም ቤት፣ ለመዋዕለ ሕፃናት በር እመርጠዋለሁ። ለረጅም ጽሑፍ ግን ዓይን ያደክማል፤ ለለቅሶ ማስታወቂያና ለመድኃኒት መመሪያ ቢለምኑኝም አልጠቀምበትም።

እስካሁን የሣልሁት የእነዚያን አምስት ፊደላት ቤተሰቦች ብቻ ነው፤ በዚህ ሳምንት «ፐ»ን እጀምራለሁ። በጭማቂ ቤቱ በኩል የምታልፉ ከሆነ፣ የ«ቂ»ን እግርና የ«ቤ»ን ቀለበት እያስተያያችሁ ተመልከቱልኝ።