የነጠላው ጫፍ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ከደብረ ብርሃን ነው፤ ውጭው ውርጭ ስለሆነ ድምፄ ከጎረነነ ይቅርታ።

ስለ እህቴ ላወራ ነው፤ ፈቅዳልኛለች። የሚጥል በሽታ አለባት። በ7 ዓመቷ ጀመራት፣ አሁን 26 ሆናለች። መንዝ ስናድግ ሲጥላት የሚደረገውን ታውቁታላችሁ፤ ክብሪት ተጭሮ ጭሱ አፍንጫዋ ሥር ይያዛል፣ ለሃጯ እንዳይነካን እኛ ልጆቹ እንባረራለን። በሽታው በለሃጭ አይተላለፍም፤ ክብሪትም አያስቆመውም። አንድ ቀን ምድጃ ዳር ወደቀች። ክንዷ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው።

ፌኖባርቢታል የሚባል መድኃኒት ጀመረች፣ ቆይቶ ካርባማዜፒን የሚባል ሌላ መጣ። ሸንኮራ ዮሐንስም ጠበል ገብታለች፤ ያኔ እማዬ ክኒኑን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ይዛ ሰዓቱን ጠብቃ ትሰጣት ነበር። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ብዙ ጊዜ “መድኃኒቱ አልሠራም” የሚባለው ክኒኑ አልቆ ሳምንት ሲያልፍ ነው። የእህቴ እንዲያ አልነበረም። እየዋጠች ይጥላት ነበር።

በሚገባ የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች በትክክል ተወስደው ካልገቱት፣ ሐኪሞች መድኃኒት የማይበግረው የሚጥል በሽታ ይሉታል። ከ3 ታማሚ 1ዱ ገደማ እንዲህ ነው። እኛ ይህን የሰማነው ከስንት ዓመት በኋላ! በየቀጠሮው መጠኑ ይጨመራል፣ እሷ ቀኑን ሙሉ ስትደነዝዝ ትውላለች፣ በወሩ ደግሞ ትወድቃለች። “ቀዶ ጥገና ይሆንላት ይሆን?” ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም፤ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ አንድ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ ወረቀቱን ከማየቱ በፊት ወደ እማዬ ዞረና “እማማ፣ ሲጀምራት ምን ታደርጋለች?” አላት።

እማዬ ከወንበሩ ተነሣች። “ከሆዴ የሆነ ነገር ወደ ላይ ወጣ ትለኛለች፣ ዶክተር። ከዚያ ዓይኗ ይፈጣል፣ ምንም ሳትጎርስ ታላምጣለች። ቀኝ እጇ የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ይፈትላል፤ እኛ የበግ ፀጉር እንደምንፈትለው። ግራዋ ግን ድርቅ ብሎ ይጣመማል።” ነጠላዋን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ይዛ ፈተለችለት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ “እስቲ እንደገና ያሳዩኝ” አላት።

ለካ ይህ ትልቅ ምልክት ነው። አንዱ እጅ ሲፈትል ሌላው ከደረቀ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ የሚነሣው በሚፈትለው እጅ ወገን፣ በጆሮ ትይዩ ካለው የአንጎል ክፍል ነው። ኤምአርአይ የሚሉትን የአንጎል ምስል ስትነሣ በቀኝ በኩል ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል ተኮማትሮ ጠባሳ ሆኖ ተገኘ። እማዬ 19 ዓመት ስታየው የኖረችውን ነገር የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ኢኢጂው፣ ራስ ላይ ገመድ ተለጥፎ የአንጎል ኤሌክትሪክ የሚመዘገብበት ምርመራ፣ ግን ሌላ ቀጠሮ አስወሰደን፤ ለመንገዱ ብላ እማዬ ፀጉሯን ቅቤ ቀብታት ስለነበር ገመዶቹ አልጣበቅ አሉ። የምትሄዱ ካላችሁ ፀጉራችሁን ታጥባችሁ፣ ሳትቀቡ ሂዱ።

ቀዶ ጥገናው ያን የተጎዳ ክፍል ማውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የካናዳ ጥናት እንደ እህቴ ያሉ 80 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር። ከዓመት በኋላ ራስን ከሚያስት ሕመም ነፃ የሆኑት ለቀዶ ጥገና ከተመደቡት 58 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከቀጠሉት 8 በመቶ ናቸው። በመድኃኒቱ ወገን አንድ ሰው ሞቷል። ይህን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የምንፈራው ቀዶ ጥገናውን ብቻ ነበርና።

አደጋ የለውም አልላችሁም። ዕይታ ከዳር ሊቀንስ፣ ትውስታ ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካ ውስጥ አንድ ወጣት ሂፖካምፐሱ ከሁለቱም ወገን ወጥቶለት ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። ዛሬ የሚወጣው ከአንድ ወገን ነው፤ ያውም ሌላኛው ብቻውን ትውስታን መሸከም መቻሉ አስቀድሞ ተለክቶ።

ይህንን ለእህቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና “ስምህን ብረሳውስ?” አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

የትውስታ ምርመራዋ ከፋሲካ በኋላ ነው። ትናንት ማታ ማድ ቤት እንጀራ ሲጋገር እማዬ የሰፈራችንን ሰው ስም ቤት በቤት ስትጠይቃት ሰማሁ፤ ከወንዙ ማዶ ጀምራ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ። አንድም አልሳተችም። እማዬም እንደገና ከወንዙ ማዶ ጀመረች።