በተፈጥሮ መውለድ፦ ምጥን የሚያግዘውና የሚያደናቅፈው

የአድማጮች ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪዋ የምጥ አጋዥ ናት፤ ውጭ አገር ያሉ አድማጮቻችን ዱውላ በሚለው ስም ያውቁታል። ሥራዋ ምጥ ከያዘበት ሰዓት ጀምሮ ሕፃኑ ጡት እስኪይዝ ድረስ ከእናቲቱ አጠገብ አለመለየት ነው። ወገብ ታሻለች፣ አቀማመጥ ታስቀይራለች፣ ውሃ ታቀብላለች። የማህፀን በር መመርመር፣ የሕፃኑን የልብ ምት ማዳመጥና መድኃኒት መስጠት ግን የአዋላጅ ነርስና የሐኪም ሥራ ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ የ34 ሳምንት እርጉዝ ነኝ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ያለ ማደንዘዣ መውለድ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ግን «ትንሽ ካመመሽ ወዲያው ሆስፒታል እንገባለን» ይላል። መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያለ ማደንዘዣ ለመውለድ ካሰቡት ብዙዎቹን የሚያሰናክላቸው ቀድሞ መድረስ ነው። በመጀመሪያ ምጥ የማህፀን በር ከመከፈቱ በፊት መለስለስና መሳሳት አለበት። ይሄ ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ምጡ ገፍቷል የሚባለው የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው፤ ከዚያ በኋላም ለመጀመሪያ ወላድ እስከ 12 ሰዓት ቢቆይ ያለ ነገር ነው። በ2 ሴንቲ ሜትር የገባች ሴት ምን ይገጥማታል? አልጋ ይሰጣታል፣ ሞኒተር ይታሰርባታል፣ በጀርባዋ ትተኛለች። ስትተኛ ምጡ ይቀዘቅዛል፤ «አልገፋም» ይባልና የምጥ መርፌ በግሉኮስ ይጀመርላታል። በመርፌ የመጣ ቁርጠት ፋታ አይሰጥም፤ ያኔ ማደንዘዣ ብትጠይቅ ማንም ሊፈርድባት አይገባም።

ስለዚህ ሰዓት ያዢ። የሚቆጠረው ከአንዱ ቁርጠት መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ነው፤ ብዙ ሰው ከአንዱ መጨረሻ ይቆጥርና ይሳሳታል። በየ5 ደቂቃው ሲመጣ፣ እያንዳንዱ 1 ደቂቃ ሲቆይ፣ እንዲህ ሆኖ 1 ሰዓት ሲዘልቅና ቁርጠቱ ሲይዝሽ ማውራት ሲያቅትሽ ተነሺ። ቤልትዌይ (የዋሽንግተን ቀለበት መንገድ) በሚዘጋበት ሰዓት ከሆነ ደግሞ ትንሽ ቀደም በይ።

እስከዚያ ቤትሽ ውስጥ የቻልሽውን ያህል ተኚ፣ መተኛት ካቃተሽ ተራመጂ። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ሙዝ ቅመሺ፤ የደከመ ማህፀን በደንብ አይኮማተርም። በየአንድ በየሁለት ሰዓቱ ሽንትሽን ሽኚ፣ የሞላ ፊኛ የሕፃኑን ጭንቅላት መውረጃ ይዘጋልና። ቁርጠቱ ሲመጣ አገጭሽንና ትከሻሽን ልቀቂ፤ በአፍንጫ አስገቢና ከገባው በረዘመ ትንፋሽ በአፍሽ አውጪ። ድምፅ ማውጣት ከፈለግሽ ወፍራምና ረጅም ይሁን፤ ቀጭን ጩኸት አንገትንም ዳሌንም ያስጨንቃል። እናቶቻችን «ማርያም ማርያም» ሲሉ ትንፋሹ በዚያው ነው የሚረዝመው፤ ፈረንጅ ኮርስ ከፍሎ የሚማረውን ማለቴ ነው።

የማይጠበቅበት ጊዜ አለ። ምጡ ከ37 ሳምንት በፊት ከመጣ፣ ደም ከፈሰሰሽ፣ የሽርት ውሃው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣብሽ ሰዓት አትቁጠሪ፤ ወዲያው ሂጂ። ውሃው ጥርት ብሎ ያለ ምጥ ከፈሰሰም ደውለሽ ንገሪያቸው። በ36ኛውና በ37ኛው ሳምንት መካከል የሚደረገው የባክቴሪያ ምርመራ ፖዘቲቭ ከነበረ አንቲባዮቲክ ስለሚያስፈልግሽ ቤት አትቆዪ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ሚስቴ በመጀመሪያው ምጥ ሕመሙ ሁሉ ወገቧ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ ቆሜ ነው ያደርኩት። ዘንድሮ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዲህ ያለው የወገብ ምጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የሕፃኑ የኋላ ራስ ወደ እናቱ አከርካሪ ሲዞር ነው። ሁለት ነገር ተለማመድ፤ ምጡ ሳይመጣ፣ አሁኑኑ።

አንደኛው መጫን ነው። ከወገቧ ዝቅ ብሎ፣ ከመቀመጫዋ ስንጥቅ በላይ ጠፍጣፋ አጥንት አለ። የመዳፍህን ተረከዝ እዚያ ላይ አሳርፍ፣ ክርንህን ቀጥ አድርግና በክብደትህ ግፋ። ቁርጠቱ ሲጀምር ጀምር፣ ሳያልቅ አትልቀቅ። ስህተቱ ሁለት ነው፦ ቆዳዋን እያሹ መላጥ፣ ወይም ከአጥንቱ በላይ ያለውን ለስላሳ ወገብ መጫን። ልኩን ራሷ ትንገርህ፤ አብዛኞቹ «በርታ፣ ጨምር» ነው የሚሉት።

ሁለተኛው ዳሌ መጭመቅ ነው። ተንበርክካ ወደ ፊት ስትደገፍ ከኋላዋ ሁን፣ ሁለት መዳፍህን በመቀመጫዋ ጎንና ጎን፣ ሥጋው ላይ አድርግ፤ ወደ ውስጥና በትንሹ ወደ ላይ ጨምቅ። ዳሌው ከታች በኩል ከፈት ይላል፣ ሕፃኑም መዞሪያ ያገኛል። በቁርጠቶቹ መካከል ደግሞ ጋቢ አለልህ። እሷ ወንበር ተደግፋ ስትንበረከክ ጋቢውን ከሆዷ ሥር አሳልፍ፣ ሁለቱን ጫፍ ከላይ ያዝና የሆዷን ክብደት ትንሽ አንሳላት፤ ከዚያ እንደ ወንፊት በቀስታ ነቅነቅ፣ ለሁለት ሦስት ደቂቃ። ደም ካለ፣ እንግዴ ልጁ በፊት በኩል ከተቀመጠ ወይም እሷ ካልተመቻት ይቅር።

አንድ ሌላ ነገር፦ አስተርጓሚ አትሁን። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ባል ሲተረጉም እጁ ከወገቧ ይነሳል፣ የሚያስደነግጠውንም ቃል ማለሳለሱ አይቀርም። በሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ መንግሥት በሚከፍለው የጤና መድን፣ የምትወልዱ ከሆነ ደግሞ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ የዱውላን ክፍያ ይሸፍናሉ፤ ይሄን የሚያውቅ የኛ ሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተሰባስበው በተገመገሙ 26 ጥናቶች፣ ከ15 ሺህ በላይ እናቶች በተሳተፉባቸው፣ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙት በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድላቸው ቀንሷል፣ ምጣቸውም በአማካይ በ40 ደቂቃ ገደማ አጥሯል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ)፦ ልጄ እርጉዝ ናት፣ ስምንት ወሯ ነው። ምጡ እንዲቀላት ተልባ እየሰጠኋት ነው። ጎረቤቶቼ ጤና አዳምና የጉሎ ዘይትም ጨምሪላት ይሉኛል። ልስጣት?

መልስ፦ እናቴ፣ ጤና አዳሙንም የጉሎ ዘይቱንም ይተዉት። ጤና አዳም ማህፀን ያኮማትራል፣ በብዛት ሲወሰድ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል፤ ቡናዋ ውስጥ የሚነከረው ቅጠልም እስክትወልድ ይቅርባት። የጉሎ ዘይት ሥራው አንጀት ላይ ነው። ተቅማጥና ማስመለስ ያመጣል፣ ውሃዋ አልቆ፣ ደክሟት ምጥ ትገባለች። ኮሶ ጨርሶ አይነሳ። ከጓሮ የተቀጠፈ ሁሉ ገር ነው ብሎ ማሰብ ብዙ እርጉዝ ጎድቷል።

ተልባው እንደ ምግብ ምንም አይደለም፤ ለሆድ ድርቀት ይረዳታል፣ ውሃ ግን በደንብ ትጠጣበት። የማህፀን በር አይከፍትም። አብሹን ለአራስ ቤት ያቆዩት፣ በተለይ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ። የሚሞከር ነገር ከፈለጉ ቴምር አለ፦ ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን 6 ፍሬ። በዚህ ላይ የተሠሩት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፣ የበሉት ግን የማህፀን በራቸው ይበልጥ ተዘጋጅቶ ምጥ መግባታቸውን አሳይተዋል። ስኳር ያለባት ከሆነ ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትብላ። ቡናው ላይ፣ አቦሉን ጠጥታ ቶናና በረካውን ለእናንተ ትተው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ጤና ጣቢያ ውስጥ ማንም ከጎኔ እንዲሆን አይፈቀድም ብለው ስላስፈራሩኝ ቤቴ ብወልድስ?

መልስ፦ ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ ብቻዋን የምታምጥ ሴት ምጧ ይከብዳል። ቤት ውስጥ ግን ማንም የማይመልሰው ነገር ደም ነው። ከወሊድ በኋላ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ሲፈስ አደጋ ነው፤ ማህፀን ካልጠነከረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነፍስ ሊያልፍ ይችላል፣ ይሄ ደግሞ ጤነኛ በነበረች፣ ምጧም በቀለላት ሴት ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ቤትሽን ወደዚያ ይዘሽ ሂጂ። በሚቀጥለው የእርግዝና ክትትልሽ አዋላጅ ነርሷን ፊት ለፊት ጠይቂያት፦ እናቴ ወይም እህቴ አብራኝ ትገባለች? ተንበርክኬ ወይም በጎኔ መውለድ እችላለሁ? በምጥ ላይ መጠጣት እችላለሁ? እነዚህ ሁሉ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የተደገፉ ናቸው። የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ እምቢ ካለ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ አለሽ። ርቀት ከሆነ ችግሩ፣ የእናቶች ማቆያ ያላቸው ጤና ጣቢያዎች ቀድመሽ ገብተሽ እንድትጠብቂ ያደርጋሉ።

ልጁ እንደተወለደ የሚወጋሽን 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን «በተፈጥሮ ነው የምወልደው» ብለሽ አትመልሺ። ምጡ አልቋል፣ ልጁን አይነካውም፣ ደሙን ግን ይቀንሳል። እትብቱ ቶሎ እንዳይቆረጥ ግን ጠይቂ፤ ልጁ በደህና ከተነፈሰ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ይጠበቅ። በዚያች ጊዜ ከእንግዴ ልጁ የሚያልፍለት ደም ለወራት የሚሆን ብረት ይይዛል። መርፌውም መጠበቁም አብረው ይሄዳሉ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ የመጀመሪያዬን በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። ሁለተኛውን በምጥ መውለድ እችላለሁ?

መልስ፦ ከሞከሩት ከ100 ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ይሳካላቸዋል። ወሳኙ ማህፀንሽ የተቆረጠበት መስመር ነው። በታችኛው ክፍል በአግድም ከሆነ መሞከር ይቻላል፣ ቁመቱን ከሆነ አይቻልም። ሆድሽ ላይ ያለው ጠባሳ ይሄን አይነግርሽም፤ ማህፀን በሌላ አቅጣጫ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የኦፕራሲዮኑን ወረቀት ከወለድሽበት ቦታ አስወጪ። በሁለቱ ወሊዶች መካከል ቢያንስ 18 ወር ቢኖር ይመረጣል።

የማህፀን መቀደድ ከ200 ሴቶች በአንዷ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ የምታምጪው ኦፕራሲዮን ክፍሉ ሌት ተቀን በሚሠራበት ሆስፒታል ብቻ ነው፣ የልጁ የልብ ምትም ሳይቋረጥ ይከታተል። ምጥ ለማምጣት ሚሶፕሮስቶል የሚባለውን ኪኒን ሊሰጡሽ ቢያስቡ የድሮ ኦፕራሲዮን እንዳለብሽ አስታውሺ፤ ላንቺ አይሆንም። በቁርጠቶቹ መካከል የማይለቅ የሆድ ሕመም ከመጣ ቶሎ ተናገሪ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ አማቴ ለአራስ ልጅ ቅቤ ይዋጥለት፣ እንገሩ ይታለብና ይደፋ ይላሉ። እንዴት ልመልስላቸው?

መልስ፦ እንገሩ የልጅሽ የመጀመሪያ ክትባት ነው በያቸው። ጥቂት የሚመስለውም የሕፃን ጨጓራ በመጀመሪያው ቀን ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሚያህል ስለሚይዝ ነው። ቅቤው ጨጓራውን ይሞላና የመጥባት ፍላጎቱን ይገድላል፣ ካልጠባ ደግሞ ወተቱ ይዘገያል፤ ትን ብሎት ሳንባው ሊገባም ይችላል። በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ራቁቱን ደረትሽ ላይ አድርገሽ አጥቢ፣ ገላውን እስከ 24 ሰዓት አትጠቢው። እትብቱ ላይም ቅቤ አይቀባ፤ ከጤና ጣቢያው ክሎርሄክሲዲን (ጀርም የሚገድል የእትብት ቅባት) ከተሰጠሽ እሱን ብቻ ተጠቀሚ፣ ካልተሰጠሽ ደረቅ ይሁን። እንጥል ማስቆረጥ የሚባለውን ደግሞ አትስሚ። የአማትሽ ቅቤ የሚገባው ገንፎሽ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ቢያበዙት ማንም አይከራከራቸውም።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ልጄ ዓለምን በመርፌ እንዲጀምር አልፈልግም። የቫይታሚን ኬ መርፌ ባይወጋስ?

መልስ፦ ይወጋ። ሕፃናት ሁሉ የሚወለዱት በጣም አነስተኛ ቫይታሚን ኬ ይዘው ነው፣ የእናት ጡት ውስጥም ጥቂት ነው ያለው፤ ያለ እሱ ደም አይረጋም። ከ2ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣው መድማት ብዙ ጊዜ አንጎል ውስጥ ነው፣ ምልክትም ሳያሳይ። መርፌው 1 ሚሊግራም፣ ጭኑ ላይ፣ አንድ ጊዜ ነው። ደረትሽ ላይ ሆኖ ጡት እየጠባ እንዲወጋ ጠይቂ፤ ማልቀሱ ያጥራል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ)፦ መቀደድ እፈራለሁ። ምን ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ከ34ኛው ሳምንት ጀምሮ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ሥጋ በሳምንት አንድ ሁለቴ ማሸት ይረዳል፣ በተለይ የመጀመሪያ ወላድን። ጥፍርሽን ቁረጪ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ሽታ የሌለው የወይራ ዘይት ቀቢ። አውራ ጣትሽን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ብልትሽ ውስጥ አስገብተሽ ወደ ታችና ወደ ጎን ቀስ ብለሽ ወጥሪ፤ ማቃጠል ሲጀምር ለአንድ ደቂቃ ያዢ፣ በጠቅላላው 5 ደቂቃ ይበቃል። ወደ ላይ አትጫኚ፣ የሽንት ቧንቧው እዚያ ነው። ኢንፌክሽን ካለብሽ ተዪው። ልጁ ሊወጣ ሲል ደግሞ በሞቀ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ እዚያ ሥጋ ላይ እንዲያዝልሽ ጠይቂ፤ ከባዱን መቀደድ ይቀንሳል። ጭንቅላቱ ሲታይ ማማጥሽን አቁመሽ አጫጭር ትንፋሽ አውጪ፣ ጭንቅላቱ ቀስ ብሎ ይውጣ። በመቀስ አስቀድሞ መቁረጥ ለሁሉም ሴት እንደ ደንብ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ልጁ ቶሎ መውጣት ካለበት ግን ምክንያቱን ይነግሩሻል።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ መጨረሻ ላይ አቅቶኝ ኤፒዱራል (በጀርባ የሚሰጠውን ማደንዘዣ) ብወስድ የምጥ አጋዥዋ ትሄዳለች?

መልስ፦ አትሄድም። እግርሽ ስለሚደነዝዝ በየ30 ደቂቃው ከጎን ወደ ጎን ታገላብጥሻለች፣ በጉልበቶችሽ መካከል ወፍራም ትራስ ታደርጋለች፣ የምትቀዘቅዢ ከሆነ ትሸፍንሻለች፣ እንቅልፍ ከመጣልሽም ባልሽን ዝም አሰኝታ ታስተኛሻለች።