ላስት ኔም የማን ስም ነው?

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ ማለዳ፣ ጉም። ጋቢ የደረበ ሰው ላፕቶፕ ከፍቶ።]

መንዝ ላለ አንድ የበግ አርቢዎች ማኅበር የአባላት መመዝገቢያ ሠርቼ ነበር። በጃንጎ፣ ድረ ገጽ በሚሠራበት የፓይተን መሣሪያ። ለመጀመሪያው ስብሰባ በየስልኩ መልእክት ላክን። በማግስቱ አንድ አባት ደወሉ።

«ልጄ፣ አያቴን ነው እንዴ የጠራሃቸው? ካረፉ እኮ 30 ዓመት አለፋቸው።»

ሳቅኩ። ከዚያ ደነገጥኩ። መልእክቱን ከፈረንጅ ናሙና ነበር የገለበጥኩት፤ «አቶ» ይልና ላስት ኔምን ያስከትላል። መዝጋቢዋ ደግሞ እዚያ ላይ የአያት ስም ሞልታለች። የአባት ስምስ? ፈርስት ኔም ውስጥ ተደርቦ ገብቷል። ምን ታድርግ! ሦስት ስም፣ ሁለት ሣጥን።

[ስክሪን፦ የጃንጎ ዩዘር ሞዴል፣ ማለትም ስለ ተጠቃሚው ምን ምን እንደሚመዘገብ የሚወስነው ኮድ።]

ለመሆኑ ይሄን ማን ወሰነው? ጃንጎ የተወለደው አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ፣ ሎውረንስ በምትባል ከተማ ጋዜጣ ቤት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፣ በ2005 ለሁሉም ተለቀቀ። ለዚያ ጋዜጣ ቤት የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ይበቃል። በቤታቸው ልክ ናቸው። እኛ ጋ ግን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም።

ደግሞ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ሁለቱም ስሞች ባዶ ቢተዉ ጃንጎ አይቆጣም። 30 ፊደል የነበረው ጣሪያም 150 ደርሷል። ከጃንጎ ስሪት 1.5 ወዲህ፣ ማለትም ከ2013 እ.ኤ.አ.፣ ሞዴሉን ከነጭራሹ በራስ ሞዴል መተካት ይቻላል።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አዲስ ፕሮጀክት ስትጀምሩ የራሳችሁን ዩዘር ሞዴል አዘጋጁ ብሎ ሲመክር የኖረው የጃንጎ ሰነድ ራሱ ነው። አዲስ ፕሮጀክት የሚከፍተው ስታርትፕሮጀክት የሚለው ትዕዛዝ ግን አያዘጋጅላችሁም። ታዲያ ምክሩ ጥሩ ከሆነ ለምን ከመነሻው አብሮ አይመጣም? ሰነዱን ያላነበበ ጀማሪ ማይግሬት ይላል፣ ዳታቤዙ ላይ ሠንጠረዦቹን የሚፈጥረውን ትዕዛዝ ማለት ነው፤ ያኔ አለቀ። በኋላ መቀየር አይቻልም ማለቴ አይደለም። ግን ሌሎቹ ሠንጠረዦች በፎሪን ኪይ፣ ማለትም አንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው በሚያያይዘው፣ ከዩዘር ጋር ተቆላልፈዋል፤ አንድ በአንድ በእጅ መፍታት ነው። እኔ ፈትቻለሁ። በሐምሌ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ። ለጠላቴም አልመኝ።

[ስክሪን፦ ኮዱ፣ ቀስ እያለ።]

እንግዲህ ከመጀመሪያው ማይግሬት በፊት ጃንጎ ለመውረስ ያዘጋጀውን መነሻ፣ አብስትራክት ዩዘርን፣ ውረሱ። ፈርስት ኔምንና ላስት ኔምን «ነን» (None፣ «ምንም») በምትለዋ የፓይተን ቃል ሻሯቸው። በቦታቸው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አስገቡ። ሴቲንግ ላይ ኦውዝ ዩዘር ሞዴል የሚለውን ወደ ራሳችሁ ሞዴል አዙሩት። ሙሉ ስም የሚያወጣውን ጌት ፉል ኔምንም እንደገና ጻፉት፣ አለዚያ የሌለ ስም ሲፈልግ ይውላል።

አድሚኑ፣ የጃንጎ ማስተዳደሪያ ገጽ፣ ማኩረፉ አይቀርም። የድሮዎቹን ሁለት ስሞች ለምዶ እነሱኑ ይጠራል፤ ገጹ ላይ የሚታዩትን ሣጥኖች የሚዘረዝረውን ፊልድሴት አስተካክሉለት።

[ስክሪን፦ አዲሱ መልእክት። ከ«አቶ» ቀጥሎ የራሳቸው ስም።]