ቴፑ ከካሜራው ቀድሞ ሲሄድ
(ዘጋቢ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ለወጣት ፊልም ሠሪዎች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ! ፊልሙ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ንግግሬ ከሱ እንዳይረዝም አስጠንቅቀውኛል።

«ሞርኒንግ ኢን ዘ ስትሪትስ» ይባላል፤ «ጠዋት በየመንደሩ» ብንለው ያስኬዳል። ቢቢሲ በ1959 እ.ኤ.አ. ያሳየው፣ በዚያው ዓመትም ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ሥራዎች የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት፣ ፕሪ ኢታሊያን፣ ያገኘ ነው። ዴኒስ ሚቼልና ሮይ ሃሪስ የሠሩት ሊቨርፑልና ማንቸስተርን በመሳሰሉ የሰሜን እንግሊዝ ከተሞች፣ በሠራተኛው ሰፈር ነው። ታሪክ የለውም። ይነጋል፣ ሰው ይነሳል፣ ልብስ ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ልጆች መንገድ ላይ ይጫወታሉ። አለቀ።

ታዲያ ምኑ ነው ጉዱ? ድምፁ! ሚቼል የመጣው ከሬዲዮ ነው። ያኔ ምስልና ድምፅ አንድ ላይ መቅረጽ ከባድ መሣሪያና ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ መብራት ተተክሎበት፣ ገመድ ተዘርግቶበት ማን የልቡን ያወራል? እሱ ቴፑን ይዞ ይሄዳል፣ ያስወራል፣ ይቀዳል። ምስሉ ለብቻው ይነሳል። ኋላ ድምፁን ምስሉ ላይ ያነጥፈዋል። የምታዩት ሰው ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ ሐሳቡን የሰማችሁ ይመስላችኋል። የኛ ዘጋቢ ፊልም ግን ገና ሲጀምር አንድ ወፍራም ድምፅ ይመጣና ያየነውን መልሶ ይነግረናል። (እኔም እንዲያ አንብቤ እንጀራ በልቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ።)

አንድ ጊዜ ሾላ ገበያ ጎመን የሚሸጡ እናት ልቀርጽ ሄድኩ። ካሜራውን ሳነሳ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ገበያው ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን» አሉኝ። ካሜራውን ቦርሳዬ ከትቼ፣ አስፈቅጄ ስልኬን ብቻ ጎመኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። «ይኸውልህ ልጄ፣ እኔን የሚያማርረኝ ጎመኑ መች ሆነ! ከንጋቱ 11 ሰዓት ታክሲ ስጠብቅ መቆሜ ነው እንጂ» ብለው ጀመሩ። እጃቸው ጎመኑ ላይ ውኃ ይረጫል፣ አፋቸው ስለ ልጃቸው ጫማ ያወራል። ሚቼል የገባኝ ያን ቀን ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። እዚህ ፊልም ውስጥ ድምፁ የማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይለይም። ለውበቱ ጥሩ ነው፤ ለባለ ድምፁስ? የተናገረው ሌላ ሰው ፊት ላይ ተለጥፎ ሲያየው ምን ይል ይሆን? ከፊልሙ በኋላ እንከራከርበት።

ዘዬው የሰሜን እንግሊዝ ነው፤ ቃሉ ቢያመልጣችሁ አትጨነቁ፣ ዜማውን ስሙት። አንተ ከበሩ አጠገብ ያለኸው፣ መብራቱን አጥፋልንማ።