«ኤልዚ!» ብላ ስትጣራ

እንደምን ሰነበታችሁ። ለዛሬ ቃል የገባሁላችሁን ወሬ ወደ ሌላ ሳምንት ገፍቼዋለሁ። ጥያቄ የላካችሁልኝ ታገሡኝ። አንድ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ ስላለኝ እሱን ሳልናገር ሌላ ነገር ማውራት አልሆነልኝም።

ፊልሙ «ኤም» ነው፤ ፍሪትዝ ላንግ በፈረንጆቹ 1931 በርሊን ላይ የሠራው፣ የመጀመሪያው ባለ ድምፅ ፊልሙ። ሕፃናትን እያባበለ ወስዶ የሚገድል ሰው የሚታደንበት ታሪክ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጃቢ ሙዚቃ የለውም። ፍርሃት ሲመጣ ደረት የሚደልቅ ከበሮ የለም፤ ጀርባ የሚያሳክክ ቫዮሊን የለም።

ሲጀምር ልጆች ግቢ ውስጥ ክብ ሠርተው ስለ ነፍሰ ገዳይ የሚያወራ ዘፈን እየዘፈኑ ይጫወታሉ። የልብስ ቅርጫት የያዘች ሴት ከላይ ሆና ትቆጣቸዋለች፤ ይህን የተረገመ ዘፈን ተዉ ትላለች። ዝም ይላሉ፤ ፊቷን ስታዞር ይቀጥላሉ። ሴትዮዋ ኤልዚ ለምትባል ትንሽ ልጅ እናት ስታማርር፣ እናትየዋ ምን ብላ ትመልሳለች መሰላችሁ? ሲዘፍኑ እስከሰማናቸው ድረስ ቢያንስ መኖራቸውን እናውቃለን ትላለች። ፊልሙን አራት ጊዜም አምስት ጊዜም ያየ ሰው እዚህች ቦታ ላይ ሆዱ ይላወሳል። ድምፅ ካለ ልጅ አለ ማለት ነዋ። ድምፁ ሲጠፋስ?

ከዚያ የግድግዳው ሰዓት እኩለ ቀንን ይደውላል። እናትየዋ ልብስ እያጠበች ናት፤ ደወሉን ስትሰማ ፈገግ ትላለች፣ እጇን ጠርጋ ገበታ ታሰናዳለች። ልጇ ከትምህርት ቤት የምትለቀቅበት ሰዓት ነው። ወዲያ መንገድ ላይ ኤልዚ ኳሷን አንድ ማስታወቂያ ላይ እያነጠረች ትጫወታለች፤ ማስታወቂያው ገዳዩን ለጠቆመ አሥር ሺህ ማርክ ይሸለማል ይላል። የአንድ ሰው ጥላ ማስታወቂያው ላይ ያርፋል። ኳስሽ እንዴት ያምራል ይላታል። ፊቱን አናየውም። ቀጥሎ ከዓይነ ስውር ነጋዴ ፊኛ ሲገዛላት ያፏጫል።

እናትየዋ የእግር ኮቴ ደረጃው ላይ ትሰማለች። ወጥታ ታያለች፤ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። ኤልዚ አብራችሁ አልመጣችም? አልመጣችም። ትንሽ ቆይቶ የበሩ ደወል ይጮኻል፤ ፊቷ ይበራል፤ ተከታታይ ልብ ወለድ የሚያዞር ሰው ነው። እዚህ ላይ ላንግ ያደረገውን አስተውሉ። እያንዳንዱ ድምፅ ተስፋ ሆኖ ይመጣና ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። እኛም ሳናውቀው ከእናትየዋ ጋር ማዳመጥ ጀምረናል። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ሰባትን አልፏል። በደረጃው ታች አንገቷን አቅንታ ትጣራለች፤ በመስኮት ትጣራለች። ኤልዚ! ካሜራው እሷን ትቶ ይሄዳል። ባዶው ደረጃ። ኤልዚ! ልብስ የተሰጣበት ባዶ ቆጥ። ኤልዚ! ገበታው ላይ ያልተነካው ሳህን። ጥሪው እየራቀ፣ እየራቀ ይሄዳል። ከዚያ ምንም። ኳሷ ከቁጥቋጦ ውስጥ ተንከባልላ ትወጣለች፤ ፊኛዋ የስልክ ሽቦ ላይ ተጠልፋ ትንቀጠቀጣለች፤ ያለ አንዳች ድምፅ።

ግድያውን አላየንም። ጩኸት አልሰማንም። የሰማነው እናት ልጇን ለምሳ ስትጣራ ብቻ ነው።

ብዙዎቻችሁ የ1975ቱን የሻርክ ፊልም፣ «ጆስ»ን፣ ታነሡብኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰው ጆን ዊሊያምስ በሁለት ኖታ ብቻ ዓለምን ከባሕር አስፈራርቷል። እንዲያውም እዚያ ፊልም ላይ በጣም የምወደው ሌላ ነገር አለ፤ ሁለት ልጆች በሐሰተኛ የሻርክ ክንፍ ዋናተኞቹን ሲያስደነግጡ ሙዚቃው አይመጣም። ሙዚቃው አይዋሽም ማለት ነው፤ ሻርኩ ካለ ብቻ ይናገራል። ያን ጊዜ ሙዚቃው ከተመልካቹ ጋር ቃል ኪዳን አለው። የሂችኮክ የወፎቹ ፊልም ደግሞ፣ የ1963ቱ፣ አጃቢ ሙዚቃ የለውም፤ ኦስካር ሳላ ትራውቶኒየም በሚባል የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሠራው የወፍ ጩኸት ነው ሙዚቃውን የተካው። ስለዚያ መሣሪያ ብቻ አንድ ሙሉ ክፍል ማውራት እችላለሁ፤ ግን ዛሬ አይደለም።

ወደ ጥሪው ልመለስ። ሻርኩን ያጀቡት ሁለቱ ኖታዎች ለፍርሃት ተብለው የተፈጠሩ ናቸው፤ ከሲኒማ ስወጣ እዚያው ትቻቸው እወጣለሁ። ይህኛው ግን የእኔው ሰፈር ድምፅ ነው። ማታ ማታ ግቢያችን ውስጥ እናቶች ከየሰገነቱ ልጆቻቸውን ይጠራሉ፤ ልጆቹም ከታች ከኳሳቸው ሳይነሡ «አቤት!» ይላሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚህ ድምፅ የምወደው ነገር አልነበረም። ቀኑ በሰላም አለቀ የሚል ድምፅ ነበር ለእኔ። አሁን ጥሪው ሲሰማ እጄ ላይ ያለውን ነገር አስቀምጬ መልሱን እጠብቃለሁ። «አቤት» እስኪል ድረስ አልተነፍስም። ባለፈው አንዱ ሕፃን መልስ አዘገየና መስኮት ድረስ ሄድኩ፤ ጓደኛው ጆሮ ላይ ምሥጢር እያወራ ነበር። ተናደድኩ። በሕፃኑ አይደለም የተናደድኩት፤ በላንግ ነው። ከዘጠና ዓመት በፊት የሞተ ዓለም ውስጥ ተቀምጦ የእኔን ማታ ለምን ይነካብኛል?

ግን ደግሞ... አላወቅሁም። ያ ድምፅ ቀድሞም ውስጡ ፍርሃት ያልነበረበት ይመስላችኋል? እናቴ ስትጠራኝ ድምፅዋ ሦስተኛው ላይ ይለወጥ ነበር። ያን ጊዜ ቁጣ ይመስለኝ ነበር። ምናልባት ፊልሙ ምንም አልጨመረበት ይሆናል፤ የነበረውን እንድሰማ አድርጎ ብቻ ይሆናል። ይህን ስል ራሴን እያጽናናሁ እንደሆነም አላውቅም።

ስለ ፉጨቱ ሳልናገር ልጨርስ አልችልም። ገዳዩ የሚያፏጨው የኖርዌዩን የሙዚቃ ደራሲ የግሪግን ዜማ ነው፤ «ፔር ጊንት» ለተባለው ተውኔት ከሠራው ሙዚቃ፣ የተራራው ንጉሥ አዳራሽ የሚባለውን። ተዋናዩ ፒተር ሎሬ ማፏጨት ስለማይችል ያፏጨው ላንግ ራሱ እንደሆነ ይነገራል። አያቴ ማታ ስናፏጭ ሰይጣን ትጠራላችሁ ትለን ነበር፤ ይህን ፊልም ብታይ ምን ትል እንደነበር እያሰብኩ ነው። ፖሊሱ ሁሉ ከተማውን ሲያስስ ገዳዩን የሚለየው ያ ፊኛ የሚሸጠው ዓይነ ስውር ነው። ፉጨቱን እንደገና ሲሰማ ያውቀዋል። አንድ ጎረምሳ ይልካል፤ ጎረምሳው መዳፉ ላይ በጠመኔ «ኤም» (በጀርመንኛ ነፍሰ ገዳይ የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል) ጽፎ የሰውየው ትከሻ ላይ ያትመዋል።

ስለዚህ በዚህ ፊልም የሚያድነውም ጆሮ ነው። ይህ ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር፤ ትንሽ አጽናንቶኝም ነበር። ከዚያ ደግሞ ነጋዴው ያን ፉጨት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ኤልዚ አጠገቡ ቆማ ፊኛዋን ስትቀበል እንደነበር ትዝ ይለኛል። ሰምቶ ነበር እኮ። አጠገቡ ነበረች። ያን ጊዜ ግን ፉጨቱ ፉጨት ብቻ ነበር፣ እና እኔ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ...