ገመዱ ከኋላ ነው

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዋይ ኤም ኤስ መርከቦች ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመቶዎች ያሠራቸው ፈንጂ ጠራጊዎች ናቸው። ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ። ርዝመታቸው 41 ሜትር ገደማ፣ አካላቸው እንጨት።

እንጨት የሆኑት በምክንያት ነው። መግነጢሳዊ ፈንጂ ባሕሩ ወለል ላይ ተኝቶ ብረት ይጠብቃል፤ የብረት መርከብ በላዩ ሲያልፍ በዙሪያው ያለው መግነጢሳዊ ኃይል ስለሚለወጥ ይፈነዳል። ጠራጊዋ ደግሞ ረጅም ገመድ እየጎተተች ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ትለቃለች፤ ፈንጂው ትልቅ መርከብ የመጣ ይመስለውና ከኋላዋ ይፈነዳል።

ገመዱ ከኋላ ከሆነ ግን ፈንጂው ላይ አስቀድመው የሚያልፉት ሰዎቹ ናቸው። አካሏ እንጨት ቢሆንም ሞተሯ ብረት ነው፣ መድፏም ብረት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ስለ እነዚህ መርከበኞች ማሰብ ማቆም አልቻልኩም።

ቦርኒዮ ደሴት ላይ ያለችው ባሊክፓፓን የነዳጅ ወደብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1945 ጃፓኖች ይዘዋት ነበር። የአውስትራሊያ 7ኛ ክፍለ ጦር በዚያ እንዲወርድ ሲወሰን፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድመው የገቡት እነዚህ ትንንሾች ናቸው። የብሱ ላይ ያሉት የጃፓን መድፎች ይተኩሱባቸዋል። ከሥራቸው ያደፈጠው ፈንጂ ግን አብዛኛው የጃፓን አልነበረም፤ ወደቡን ለመዝጋት የተባበሩት ኃይሎች አውሮፕላኖች ራሳቸው ቀደም ሲል የጣሉት ነበር። የወገን ፈንጂ! ጣዩን ማንም አይወቅሰውም፤ በጊዜው ተገቢ ሥራ ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ግን ሌሎች ናቸው።

ጁን 18 ቀን ዋይ ኤም ኤስ 50 ጠፋች። ጁን 26 ቀን ደግሞ 39 እና 365 በአንድ ቀን ሰጠሙ።

የዚያ ዘመን መግነጢሳዊ ፈንጂ አንዳንዱ ቆጣሪ ነበረው። የመጀመሪያውን መርከብ ያሳልፋል፣ ሁለተኛውንም ያሳልፋል፣ በተሞላለት ቁጥር ላይ ሲደርስ ይፈነዳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ መጥረግ ዋስትና አይሆንም፤ ትናንት በሰላም ባለፉበት ውሃ ዛሬም፣ ነገም ማለፍ ግድ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ጉዞ ድፍረት ይገባኛል፤ ሰው በወኔ ይገባል። ስድስተኛውን እና ሰባተኛውን ግን ወኔ አይሸከመውም። በየማለዳው ተነሥቶ፣ ገመዱን ዘርግቶ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ያንኑ መስመር መድገም ሌላ ዓይነት ጽናት ይጠይቃል። ከጦርነት ሁሉ ይህን የሚያህል ጀግንነት እኔ አላውቅም።

ጁላይ 1 ቀን እግረኛው ወረደ፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም ከዚያ በኋላ ዐይናቸውን ወደ የብስ ያዞራሉ። ጠራጊዎቹ ግን ሥራቸው አላለቀም፤ ዋይ ኤም ኤስ 84 የሰጠመችው ጁላይ 9 ቀን ነው። ስለ ባሊክፓፓን የሚያወራ ሰው ከጁላይ 1 ሲጀምር ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው።