ጆይንቱን የመረጠ ስብራቱን ይክፈል
(በአስጎብኚ መኪና አሽከርካሪዎችና ባለንብረቶች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለመቅረብ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አሽከርካሪዎች፣ የተከበራችሁ ባለንብረቶች፣ ውድ የጋራዥ ባልደረቦቼ፤

ሰብሳቢያችን «የፊት አክስል ጆይንት ሲቀየር ጠንካራውን እንዴት እንምረጥ» በሚል ርእስ እንድናገር ሲጋብዙኝ ቴክኒካዊ ማብራሪያ ብቻ ሰጥቼ እወርዳለሁ ብለው ጠብቀው ከሆነ ይቅርታቸውን እጠይቃለሁ። ማብራሪያውን እሰጣለሁ። እዚህ ለመቆም የፈለግሁት ግን በአንድ ጉዳይ ምክንያት ነው፤ ዕቃውን የሚመርጠው አንድ ሰው፣ ሲሰበር የሚከፍለው ደግሞ ሌላ ሰው እስከ ሆነ ድረስ መኪኖቻችን ላይ ጥሩ ጆይንት ሊገጠም አይችልም።

አብዛኞቻችን የምንነዳው 70 ሲሪስ ላንድክሩዘር ወይም ኮብራ የምንላትን 80 ሲሪስ ነው። የሁለቱም የፊት አክስል ድፍን ሆኖ፣ በግራና በቀኝ ጎማ በኩል በክብ የብረት ቤት ውስጥ በግራሶ የተሞላ ባለ6 ኳስ ጆይንት አለ፤ ጎማው ወደ ጎን ሲታጠፍም የሞተሩን ጉልበት ሳያቋርጥ የሚያደርሰው እሱ ነው። አሠራሩን አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ መሐንዲስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ ያወጣው ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ በመሠረቱ አልተለወጠም። መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ሸክሙ ለ6ቱም ኳሶች ይከፋፈላል፤ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ግን ጭነቱ በጥቂቶቹ ላይ ይወድቃል፣ ኳሶቹን የሚይዘው ኬጅም ይጨነቃል። በዚያ ላይ ኤል ፎር፣ ማለትም የአራቱን ጎማ ከባድ ማርሽ፣ አስገብታችሁ በአንደኛ ማርሽ ስትነዱ፣ 285 ኒውተን ሜትር ገደማ የሚሰጠው ዋን ኤች ዜድ የተባለው የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር ጉልበት በካምቢዮው፣ በትራንስፈሩና በዲፈረንሻሉ አልፎ ወደ አክስሎቹ ሲደርስ ከ40 እጥፍ በላይ ተባዝቶ ነው። መዳፍ ላይ የሚያርፍ ዕቃ ይህን ሁሉ እንዲሸከም እንጠይቀዋለን።

አሁን ወደ ዶዶም ልውሰዳችሁ። ወደ ኤርታሌ ግርጌ የሚያስገባውን የላቫ መንገድ እዚህ የተቀመጣችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ጎማ ቆራጭ፣ ወገብ ሰባሪ፣ ሰው ከመኪናው ቀድሞ በእግሩ የሚደርስበት መንገድ ነው። ከበርካታ መኪኖች ጋር ተሰልፈን ስንሄድ እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ከፊቴ ደግሞ በጥንቃቄው የማደንቀው ወጣት ሾፌር 70 ሲሪስ ይነዳ ነበር። በሁለት ቋጥኝ መካከል ገብቶ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ሆነበት፤ መሪውን አጥፎ፣ ነዳጅ ሳያበዛ፣ ቀስ ብሎ ሲመለስ ድንጋይ የተፈነከተ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ወርጄ ስጠጋው «ጋሼ፣ መሪው እምቢ አለኝ» አለኝ። እምቢ ማለቱ ትክክል ነበር፤ የተሰበረው ጆይንት ስብርባሪ ክብ ቤቱ ውስጥ ተሰንቅሮ ጎማውን እንዳይዞር ይዞት ነበር።

ቱሪስቶቹን ወደ ሌሎቹ መኪኖች አዛውረን፣ በዚያ ሐሩር ጎማውን አወረድን፤ የሃቡን፣ ማለትም የጎማውን እምብርት፣ 6 ዳዶዎች ፈታን፣ ሾጣጣ ዋሸሮቹን በናስ መዶሻ እየመታን አስለቀቅን፣ ሃቡ የሚዞርበትን ስፒንድል አውጥተን ጆይንቱን ሳብነው። ኬጁ ሦስት ቦታ ተሰብሯል፤ የውጪው ዛጎል ከአፉ ተሰንጥቋል። ግራሶው ግን ገና ወፍራምና ንጹሕ ነበር፤ ስለዚህ «በደረቅ ነድቶት ነው» ማለት አይቻልም። ስብራቱን በጨርቅ ጠርጌ ወደ ፀሐይ አዞርኩት። በደንብ የተሠራ ጆይንት ሲሰበር ጫፉ ላይ ደቃቅ የሆነ ጠንካራ ቆዳ፣ ውስጡ ደግሞ ጠንቶ የተለጠጠ ብረት ይታያል፤ ይህኛው ግን ከዳር እስከ ዳር እንደ ስኳር ፍርፋሪ የሚያብለጨልጭ ሻካራ ብረት ነበር። እንዲህ ያለ ብረት ሳይታጠፍና ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። ጎማውን የሚሸከመው ስፒንድሉ ስለ ሆነ፣ ፍርስራሹን አጽድተን ያለ ጆይንት ገጠምነው፤ መኪናው በኋላ ጎማዎቹ ጉልበት ብቻ ከላቫው ወጣ።

ያ ጆይንት ከጥቂት ወራት በፊት «ከኦርጅናሉ በእጥፍ የጠነከረ» ተብሎ በርካሽ የተገዛ ነበር። የገዛው ባለንብረቱ ነው። ሾፌሩ አልተጠየቀም፣ መካኒኩም ግጠም ተብሎ ገጠመ። አዲስ አበባ ስንመለስ ግን የጆይንቱ ዋጋ፣ የእጅ ሥራውና መኪናው የቆመበት ቀን ተደምሮ ከሾፌሩ ደመወዝ በየወሩ ተቆረጠ። ስብራቱን ይዤ ሄጄ አሳየሁ፤ ያየው የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው!

እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ተቆርጦበት የማያውቅ ሾፌር ካለ እጁን ያውጣ። ባለንብረቶች ሆይ፣ ቅር አይበላችሁና፣ በሻጩ ሚዛን ከብዶ፣ በቀለሙ አብረቅርቆ፣ ሳጥኑ ላይ «ሄቪ ዱቲ» ተጽፎበት ስላያችሁ ብቻ የገዛችሁትን ዕቃ ለምን ሾፌሩ ይከፍላል? እርግጥ ነው፣ መሪ አጥፎ ነዳጅ የሚረግጥ፣ ጎማው በአየር ላይ ሲሽከረከር ቆይቶ ድንጋይ ሲይዝ የማይለቅ ሾፌርም አለ፤ እሱ ይጠየቅ። ነገር ግን ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ስብራቱ ራሱ ይመሰክራል፤ ስብራቱን ሳያዩ መፍረድ ግን ግፍ ነው።

ወደ ምርጫው ልመለስ። «ክሮሞሊ»፣ ማለትም ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ያለበት ብረት፣ የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። 4340 የተባለው ብረት 1.8 በመቶ ገደማ ኒኬል፣ 0.8 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና ሩብ በመቶ ያህል ሞሊብዲነም አለው፤ የመጨረሻው 40 ካርቦኑ 0.40 በመቶ አካባቢ መሆኑን ያመለክታል። 300ኤም የሚባለው የዚሁ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ሲሊከንና ቫናዲየም ተጨምሮበት ለአውሮፕላን ማረፊያ እግር ጭምር የሚያገለግል ብረት ነው። ሁለቱም ቢሆኑ በእሳት በልኩ ካልጠነከሩ ስማቸው አያድናቸውም። ስለዚህ ዛጎሉ ከምን እንደ ተሠራ ብቻ ሳይሆን ኳሶቹ የሚቀመጡበት የውስጡ ኮከብና ኬጁ ከምን እንደ ተሠሩ፣ እንዴትስ እንደ ጠነከሩ ሻጩ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ ዛጎሉን አጠንክሮ ኬጁን እንደ ነበረ የሚተው አምራች አለና። ጆይንቱ ከዘንጉ ጋር የሚያያዝበትን የጥርስ ቁጥር ከአሮጌው ጋር ሳታመሳክሩም ብር አትክፈሉ።

ደፍሬ ልናገር፤ ከመካከላችን አብዛኛው ከኦርጅናሉ የሚበልጥ ጆይንት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው እውነተኛው ኦርጅናል ነው። ፋብሪካው ባወጣው ልክ ጎማ ለሚሄድና የፊት ሎክ፣ ማለትም ሁለቱን የፊት ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚያስር የዲፈረንሻል መቆለፊያ፣ ለሌለው መኪና እሱ ይበቃል። ትልልቅ ጎማ የገጠመ ወይም የፊት ዲፈረንሻሉን የሚቆልፍ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሎክ ሲገባ የአክስሉ ጉልበት በሙሉ መሬት በያዘው በአንዱ ጎማ በኩል ሊወጣ ይችላልና፣ ለእንዲህ ያለው መኪና 4340 ቅንጦት አይደለም። ሆኖም ጆይንቱን ያጠነከረ ሰው ስብራቱን ወደ ቀጣዩ ደካማ ቦታ እንደሚያዛውር ይወቅ፤ መጀመሪያ የውስጡ ዘንግ፣ ከዚያ የሃቡ ጥርስ፣ በመጨረሻም ዲፈረንሻሉ ይመጣል። የኮብራዋ የፊት ዲፈረንሻል ደግሞ ከኋላው ያንሳል፣ በተለይ ወደ ኋላ ሲነዳ ይደክማል። መለዋወጫ ጆይንት በመኪናው ውስጥ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ እንደ ሐመድ ኤላ ባለ የአፋር በረሃ መንደር ላይ ዲፈረንሻል የሚከፍት ግን የለም።

ስለ እንክብካቤው አጭር ልሁን፤ ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ ተጠቀሙ፣ የውስጡ ሲል (የዘይት ማገጃው) አርጅቶ የዲፈረንሻል ዘይት ግራሶውን ማቅጠን ሲጀምር ወዲያው ቀይሩት። መሪ ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ የሚል ጆይንት ግራና ቀኙን በማቀያየር ኳሶቹ ባልተበላው ጎን እንዲሄዱ ይደረጋል፤ ጊዜ መግዣ ነው እንጂ ፈውስ አይደለም።

አሁን ለጉባኤው የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። በቅጥር ውላችን ውስጥ፣ የአክስል ዕቃ ሲገዛ ሾፌሩና መካኒኩ የተስማሙበት መሆኑ በፊርማ እንዲረጋገጥ፣ ስብራት ሲያጋጥም ዕቃው ሳይጣል ተቀምጦ ከሁለቱም ወገን በተመረጡ መካኒኮች ፊት እንዲታይ፣ ያ ሳይሆን ከደመወዝ ምንም እንዳይቆረጥ የሚል አንቀጽ እንዲገባ ረቂቁን ለሰብሳቢው አስረክቤአለሁ። ከምሳ በፊት ድምፅ እንዲሰጥበት እጠይቃለሁ፤ የሚቃወም ባለንብረት ካለም ምክንያቱን እዚሁ፣ በሾፌሮቹ ፊት ያስረዳ።

አመሰግናለሁ።